በስሙ ጥራው

ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጥ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስታስብ የሰነበትከው ምንድን ነው?

ለእሑድ ምስክርነት እንዲመች አድርገህ አታሳምረው። እንዳለ ተናገረው። ታክሲ ተሰልፈህ ስትቆም፣ መምህሩ ሲያስረዳ አንተ በመስኮት ስትመለከት፣ ማታ ብርድ ልብስህን ተከናንበህ ስልክህን ስትነካካ በልብህ ውስጥ ማን ነበር? ወጣቶችን በማስተምርባቸው ዓመታት የሰማሁት መልስ ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች አያልፍም፤ አንዲት ልጅ፣ ኳስ፣ ዘፈንና ጓደኞች። ቅደም ተከተሉ ሊለያይ ይችላል። ጨዋታው የደርቢ ከሆነ ኳስ ይቀድማል፤ ልጅቷ ለላክላት መልእክት መልስ ካልሰጠች ደግሞ እሷ ትቀድማለች።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ይምጣ። ባለፈው የጸሎት ፕሮግራም ላይ መሪው «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ሲል ምን አልክ? «ለመንፈሳዊ ሕይወቴ ጸልዩልኝ» አልክ። አለዚያም «ለትምህርቴ» አልክ። ስድስት ቀን ሙሉ ልብህን ሞልቶ የሰነበተው ነገር ግን ስሙ እንኳ ሳይጠራ ፕሮግራሙ በቡራኬ ተዘጋ።

ይህ ጽሑፍ ጠቡ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። ጠቡ ከአንተ ጋር ብቻ ግን አይደለም፤ ዝም እንድትል ካስተማርንህ ከእኛ ከታላላቆችህም ጋር ነው።

የእኛ የበለስ ቅጠል

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚነግረን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፋው ልብስ ብርድ ለመከላከል አልነበረም፤ ለመደበቅ ነበር (ዘፍ. 3፥7)። አዳም ቅጠል ሰፋ፤ ከዚያም በዛፎች መካከል ተሸሸገ። እግዚአብሔርም የመጀመሪያ ቃሉ ፍርድ አልነበረም፤ የት እንዳለ ጠየቀው። አዳም ያለበት ቦታ ጠፍቶት አይመስለኝም። አዳም ራሱ እንዲናገር ፈልጎ ነው።

እኛ ወንጌላውያን ቅጠል አንሰፋም። የእኛ ቅጠል ቃላት ናቸው። «ሸክም»፣ «ምሪት»፣ «ድካም»፣ «ጥቃት»፣ «ፈተና» የሚሉ መልካም ቃላት አሉን። እነዚህን ቃላት በልባችን ላለው ነገር ሁሉ እናለብሰውና ምን እንደሆነ ራሳችንም እስኪጠፋን ድረስ እንሸፍነዋለን።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን ስለ ልጅቷም፣ ስለ ኳሱም፣ ስለ ዘፈኑም ሲጠየቅ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ «ሥጋዊ ነው፤ ተወው።» ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጌታ የሚያየው ልብን ነው» እያለ ሁሉን ይለቃል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ውጤታቸው አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ የአንተ የዕለት ተዕለት ሃሳብ ወደ እግዚአብሔር ፊት አይቀርብም። በመጀመሪያው ቤት ስለሚያፍሩበት አይቀርብም፤ በሁለተኛው ቤት ስለማያሳስባቸው አይቀርብም።

ለሁለተኛው ወገን አንድ ነገር ልበል። እግዚአብሔር ልብን ያያል የሚለው ቃል (1ኛ ሳሙ. 16፥7) ማምለጫ ሆኖ አልተሰጠም። ልብን የሚያይ አምላክ ካለህ ይበልጥ ልትጠነቀቅ ይገባሃል እንጂ ልትዘናጋ አይገባህም። ለመጀመሪያው ወገን ደግሞ ይህን እላለሁ፤ ወጣቱን «ተወው» ስትሉት አልተወውም። ከእናንተ ፊት ነው ያነሳው። ሄዶ ሌላ አስተማሪ ያገኝለታል፤ ያ አስተማሪ ደግሞ ቲክቶክ ነው፣ የቤቲንግ ቤት ነው፣ ወይም በሰፈሩ ከእሱ ሁለት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው።

ስለ እሷ

ከሁሉ ከሚያሳፍርህ እንጀምር። በኳየሩ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የምትቆመው እህት ልብህን ወስዳዋለች። ምንም ወንጀል የለበትም። ውበትን አይቶ መደነቅ፣ ድምጿን ሰምቶ መደንገጥ፣ ስትመጣ እጅህን የት እንደምታደርገው መጥፋቱ ፈጣሪህ የሠራው ሰውነት ሥራ ነው። ወንድ ልጅ ነህ።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ወደድኳት» ማለት ያሳፍርሃል። ስለዚህ ሦስት ቀን ትጾምና ወደ እርሷ ሄደህ «ጌታ ስለ አንቺ ተናግሮኛል» ትላታለህ።

ወንድሜ፣ ይህን ቃል በቀላሉ አትውሰደው። ምን እንዳደረግህ አስተውል። «ወድጄሻለሁ» ብትላት ኖሮ ሁለት መልስ ነበራት፤ እሺ ወይም እምቢ። «ጌታ ተናግሮኛል» ስትላት ግን እምቢታዋን ወሰድክባት። አሁን እምቢ ብትል የምትቃወመው አንተን ሳይሆን እግዚአብሔርን እየመሰላት ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች። እምነቷ ያልጠና ልጅ ከሆነች ፈርታ እሺ ትልሃለች። በፍርሃት የተጀመረ ትዳር ምን እንደሚመስል ደግሞ ሽማግሌዎችን ጠይቅ፤ እነሱ ያውቃሉ።

ለአንዲት እህት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ወንድሞች «ጌታ አንቺን ሰጥቶኛል» ቢሏት ቢያንስ ሁለቱ በጌታ ስም ያላለውን ተናግረዋል። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። ቃሉ ግን በዚህ ነገር አይቀልድም። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥7) ሲምሉ ብቻ የሚጣስ አይደለም፤ ፍላጎታችንን በስሙ ስናስፈጽምም ይጣሳል። በኤርምያስ 23 ላይም የራሳቸውን ምላስ ይዘው «እርሱ ይላል» በሚሉ ነቢያት ላይ ጌታ እንደሚነሣባቸው ይናገራል።

«እግዚአብሔር ስለ ትዳር አይናገርም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይናገራል። የያዕቆብን ታሪክ ግን ከዘፍጥረት 28 እስከ 29 አንድ ላይ አንብበው። በምዕራፍ 28 ያዕቆብ በቤቴል ተኝቶ እስከ ሰማይ የሚደርስ መሰላል አየ። ዘሩ እንደ ምድር አሸዋ እንደሚበዛ ከእግዚአብሔር አፍ ሰማ። ከዚህ የበለጠ ምን ራእይ ትፈልጋለህ? ዘር ያለ ሚስት አይመጣምና ራእዩን ወደ ሚስት መጠየቂያ ለማዞር ያዕቆብ ከማንም በላይ ምክንያት ነበረው።

በምዕራፍ 29 ራሔልን በጉድጓዱ አጠገብ አገኛት። መንጎቹ ሁሉ ካልተሰበሰቡ በቀር የማይነሣውን ድንጋይ ብቻውን አንከባለለው። በፊቷ ጉልበቱን አሳየ ብንል ያዕቆብን አንበድለውም፤ አንተም ልጅቷ በቆመችበት ሜዳ ኳስ ስትጫወት ከወትሮው በላይ ትሮጣለህ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ መሰላሉ አንድም ቃል አልነገራትም። ወደ አባቷ ሄዶ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት አገለግልሃለሁ አለ። ፍቅሩን ፍቅር ብሎ ጠራው፤ ዋጋውንም በጉልበቱ ከፈለ። መጽሐፉም አላፈረበትም፤ ሰባቱ ዓመታት እንደ ጥቂት ቀን ሆነውለት እንደነበር ጽፎልናል።

አንተም እንዲህ በላት፤ «እህቴ፣ ወድጄሻለሁ። ጸልዬበታለሁ፤ የምነግርሽ ግን የራሴን ፍላጎት ነው። እምቢ ብትዪኝም አከብርሻለሁ፤ በኅብረታችንም ውስጥ እህቴ ነሽ።» ይህን ለማለት ከሦስት ቀን ጾም የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። እምቢ ካለችህ ያምሃል። ያመመህ ነገር ደግሞ ስም አለው፤ መንፈሳዊ ጥቃት አይደለም፤ እምቢ መባል ነው። ሰው ከእርሱ ይድናል።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ «ጌታ ተናግሮኛል» ለሚልሽ ወንድም «ለእኔም ሲነግረኝ እመልስልሃለሁ» ብሎ መሄድ አለማመን አይደለም።

ስለ ኳስ

ወደ ኳሱ እንለፍ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት 38 ጨዋታ ያደርጋል። የክለብህን ጨዋታ ሁሉ ብታይ፣ ከእረፍቱና ከጭማሪው ጋር ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ብንይዝ፣ 76 ሰዓት ይሆናል። ከሦስት ቀንና ሌሊት በላይ ማለት ነው። የሌሎችን ጨዋታ፣ የቻምፒየንስ ሊጉን፣ ከጨዋታው በኋላ ያለውን ክርክር አልቆጠርኩም።

ይህን የምቆጥርልህ ልኮንንህ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ በየሰፈሩ ምን እንደሆነ ታላላቆችህን ጠይቅ። ያን ቀን ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በአንድ ጎዳና ተቃቅፎ አልቅሷል። እንዲህ ያለ ደስታ ከሰይጣን ነው የሚለኝን አልሰማውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ሩጫና ስለ ቡጢ ያነሣል (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)። በከተማዋ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ጨዋታዎች ይደረጉ ነበር፤ አሸናፊውም ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ይቀበል ነበር። ጳውሎስ በዚያች ከተማ ዓመት ከመንፈቅ ኖሯልና የሚጽፍላቸው ሰዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ ያውቃል። አክሊሉ እንደሚጠወልግ ነገራቸው እንጂ ሩጫውን አላየሁም ብሎ አልዋሻቸውም።

እኛ ግን እንዋሻለን። የወጣቶች ፕሮግራም ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ትልቁ ጨዋታ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ስትቀር «ሥራ ገጥሞኝ ነው» ትላለህ። ስትመጣ ደግሞ ጸሎት ላይ አንገትህን ደፍተህ በስልክህ ውጤት ታያለህ። መሪህም ያውቃል፤ ምናልባት እሱም እያየ ነው። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ። «ዛሬ ኳስ ላይ ስለነበርኩ ነው የቀረሁት» ማለት ቢቻል ኖሮ ቢያንስ ሁለት ነገር ይሆን ነበር። አንድም መሪዎቹ ሰዓቱን ስለ ማዛወር ይመክሩ ነበር። አንድም አንተ ያን ቃል በአፍህ ስትናገረው ሰምተህ በዓመት ስንት ቅዳሜ እንደቀረህ ትቆጥር ነበር። ውሸቱ ሁለቱንም በሮች ዘጋ።

ኤሪክ ሊድልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስኮትላንዳዊው ሯጭ በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ አልሮጥም አለ፤ በ400 ሜትር ሮጦ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። ይህ ታሪክ በስብከት ሲነገር የሚጎላው እምቢታው ነው። እኔ ደግሞ ሌላውን ላሳይህ። ይህ ሰው ሩጫ ይወድ ነበር፤ መውደዱንም አልደበቀም። የሚወደውን በግልጽ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው ወሰኑን በግልጽ ማስመር የቻለው። ኋላ ወደ ቻይና በሚስዮናዊነት ሄዶ በ1945 በጃፓኖች የእስር ካምፕ ውስጥ ሲሞት እንኳ በካምፑ ለነበሩት ወጣቶች መምህራቸውና የስፖርት አሠልጣኛቸው ነበር።

ኳስን ኳስ ብለህ ጥራው ስልህ ግን ቤቲንግንም በስሙ ልትጠራው ነው። «መዝናኛ ነው» አትበለኝ፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ካሸነፈ 2.40፣ አቻ ከሆነ 3.20፣ እንግዳው ካሸነፈ 2.90 ተሰጥቷል እንበል። 1ን ለእያንዳንዱ ቁጥር አካፍልና ደምር። ድምሩ 1.07 ይመጣል። ፍትሐዊ ውርርድ ቢሆን ድምሩ 1 በሆነ ነበር። ያቺ ትርፍ የቤቱ ድርሻ ናት፤ ቁጥሮቹ እንዲህ በሆኑበት ጨዋታ ከሚወራረዱት 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 93 ብር ያህል ነው። አንተ ግን በአንድ ጨዋታ አትቆርጥም፤ ትልቅ ብር ስለምትፈልግ አሥር ጨዋታ ትደረድራለህ። ያኔ 0.93 አሥር ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ የሚቀረው ከግማሽ በታች ነው። ማለትም ትኬቱን በቆረጥክበት ደቂቃ፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ ከብርህ ግማሹ በአማካይ ሄዷል።

አሸናፊው የሚቀበለውስ የማን ብር ነው? አንዱ ጓደኛህ ለታክሲ የተሰጠው፣ ሌላው ለቤት ኪራይ እህቱ ከዓረብ አገር የላከችለት ነው። በዚህ ትኬት ላይ እጁን ጭኖ የሚጸልይ ወንድም ካለ ጸሎቱን በስሙ ይጥራው፤ «ጌታ ሆይ፣ የባልንጀራዬን ብር ሳልሠራበት ስጠኝ» ማለት ነው። እንዲህ ብሎ ከጸለየ በኋላ አሜን የሚል አፍ ካለው ይበል።

ስለ ዘፈን

በዚህ ርዕስ በአጥቢያዎቻችን ብዙ ጠብ አይተናል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በገላትያ 5፥21 ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት»ን ይቆጥራል፤ በሮሜ 13፥13 እና በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥3ም «ዘፈን» የሚለው ቃል ከስካር ጎን ይገኛል። ብዙ ወጣት ከዚህ ጥቅስ በላይ ሳይሄድ ነገሩ አልቋል ብሎ ያስባል። በሦስቱም ቦታ ያለው የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ ሰዎች ጠጥተው ሰክረው ሌሊት በየጎዳናው እየጮኹ የሚያደርጉት ልቅ ፈንጠዝያ ነው። ቃሉ የሚያወግዘው ያንን ነው እንጂ ዜማ ያለውን ነገር ሁሉ አይደለም።

ይህን የምናውቀው ከግሪክ ብቻ አይደለም፤ ያው የአማርኛ መጽሐፍ ራሱ ይነግረናል። ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውን «ዘፈን» ይለዋል (2ኛ ሳሙ. 6፥14)። መክብብ 3፥4 ለእርሱም ጊዜ እንዳለው ይናገራል። የጠፋው ልጅ ሲመለስ በአባቱ ቤት የተሰማው ድምፅም የመሰንቆና የዘፈን ነው (ሉቃ. 15፥25)። ልብ በል፤ በዚያ ታሪክ ዘፈኑን ሰምቶ አልገባም ብሎ በደጅ የቆመው ታላቁ ልጅ ነው።

ዜማውንም ተመልከት። እሑድ እጅህን አንሥተህ የምትዘምረው ብዙው መዝሙር በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተሠራ ነው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ እነዚህ ቅኝቶች እረኛውም አዝማሪውም ሙሽራውም ሲያንጎራጉሩባቸው የኖሩ ናቸው። ቅኝት ኃጢአት የለበትም።

አሁን «ተፈቀደልኝ» ብለህ ከተነሣህ ግን ቁጭ በል፤ አልጨረስኩም። ስሙን በትክክል መጥራት ማለት የምትሰማውን ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። አገሩን የናፈቀ ሰው ዘፈን አለ፤ እናቱን የሚያመሰግን አለ፤ የሠርግ አለ። ሴትን እንደ ዕቃ የሚያሳይና ገንዘብን የሚያመልክም አለ። ሁለቱን «ዘፈን» በሚል አንድ ስም መጥራት አእምሮን ከማሠራት ማምለጥ ነው፤ ያ ማምለጥ ከልካዩንም ለቃቂውንም ይጠቅማል። አንተ ግን በጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰክተህ የምትሰማውን ቃል ቀስ ብለህ በንባብ ለእህትህ ልታነብላት ትችላለህ? ካልቻልክ ስሙን አውቀኸዋል።

ያው መለኪያ ለመዝሙሩም ይሁን። «መዝሙር» የሚል ስም ስለተሰጠው ብቻ ሁሉ ለነፍስህ ምግብ አይሆንም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የዘማሪው ከፍታና የጠላቶቹ ውርደት ብቻ የሚነገርበት፣ ክርስቶስ ስሙ እንኳ የማይነሣበት መዝሙር ካለ፣ ያንንም በስሙ እንጥራው፤ ስለ ራስ የተዘፈነ ነው። በደርግ ዘመን ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። መዝሙሮቹ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ የታሰረውንም የተሰደደውንም አጽንተዋል። በስልክህ ላይ ያለው ዜማ፣ መዝሙርም ይሁን ሌላ፣ አባትህ ሆስፒታል በተኛበት አንድ ሌሊት ሊያቆምህ ይችላል? ይህ ጥያቄ ከ«ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?» ከሚለው ጥያቄ የበለጠ ያስፈልግሃል።

ስለ ጓደኛ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ነው። ሃሳብህን በስሙ የምትጠራው ለማን ነው?

አገራችን ሰው ልቡን እንዲሸፍን ታስተምራለች፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይህ ብልኅነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያው አገር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ወጣቱ ሆዱ ሲፈጀው ይቆይና አንድ ቀን ለአንድ ሰው ይናገራል። መናገሩ አይቀርም። ለማን የሚለው ነው ሕይወትና ሞት።

በ2ኛ ሳሙኤል 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን በትዕማር ፍቅር ታምሞ ከሳ። መጽሐፉም ወዲያው «ወዳጅ ነበረው» ይለናል፤ ስሙ ኢዮናዳብ፣ እጅግ ብልኅ ሰው። ኢዮናዳብ ጥሩ አድማጭ ነበር። ለምን እንደከሳ የጠየቀው እሱ ብቻ ነው፤ አምኖንም እውነቱን የነገረው ለእሱ ነው። ኢዮናዳብ ደግሞ ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን ዘዴም ሰጠው፤ እንደታመመ ሆኖ እንዲተኛና እንድታስታምመው እንዲያስጠራት መከረው። ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ። አንዲት ንጽሕት ልጅ ተደፈረች፤ «ፍቅሩ» በዚያው ሰዓት ወደ ጥላቻ ተለወጠ፤ አምኖን ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተገደለ። አምኖን ስሜቱን ለአንድ ሰው መናገሩ አልነበረም ጥፋቱ። በቤተ መንግሥቱ ሙሉ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ፣ ያም ኢዮናዳብ መሆኑ ነው።

በዚያው መጽሐፈ ሳሙኤል ሌላ ወዳጅ አለ። ዳዊት በዚፍ ምድረ በዳ ከሳኦል ሲሸሽ ዮናታን ተነሥቶ ወደ እርሱ ሄደ፤ እጁንም በእግዚአብሔር አጸና (1ኛ ሳሙ. 23፥16)። ኢዮናዳብ የምትፈልገውን እንድታገኝ ይረዳሃል፤ ዮናታን መሆን የሚገባህን እንድትሆን ይረዳሃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጓደኛህ ስለ እሷ ስትነግረው መጀመሪያ የሚጠይቅህን ስማ። «እስከ የት ደርሰሃል?» ካለ አንዱ ነው። «እሷስ ምን ትላለች?» ካለ ሌላው ነው።

የሁላችን ሴል ግሩፕና የጸሎት ጓድ ለዚህ ተብሎ ነበር የተጀመረው። ዛሬ ግን «ድካም አለብኝ» እንባባላለን፤ ሁላችንም «አዎን፣ እኔም» ብለን እንጸልያለን። ድካም ስም አይደለም። ሌሊት በስልክህ የምታየው ፖርኖግራፊ ከሆነ ስሙ እርሱ ነው። ያለብህ የቤቲንግ ዕዳ ከሆነ ስሙ ዕዳ ነው፤ መጠኑም በብር ይነገራል። ስም የሌለውን ነገር ማንም ሊያግዝህ አይችልም።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለመሪዎቻችንና ለሽማግሌዎቻችን፣ በአክብሮት፣ አንድ ቃል አለኝ። ወጣቱ ዝም ያለው ስለሚዋሽ ብቻ አይደለም። ባለፈው አንዱ ልቡን ሲከፍት ታሪኩ በሁለተኛው እሑድ ስሙ ሳይጠቀስ የስብከት ምሳሌ ሆኖ ሲወጣ ሰምቷል። ስሙ ባይጠቀስም ሁሉ አውቆታል። በማግሥቱም ከኳየር ታግዷል። አንድ በደል በምክር ቤት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ሌላ ሰው የተጎዳበት ነገርም አይደበቅም። ነገር ግን አንድ ልጅ «አንዲት እህት ወድጄ ግራ ገብቶኛል» ስላለ የሚፈረድበት ቤት ከሆነ፣ ልጁ ነገ የባሰውን ይዞ ወደ እናንተ አይመጣም። ኢዮናዳብ እኮ አይቆጣም፤ ኢዮናዳብ ምሥጢር ይጠብቃል። ከእርሱ ጋር የምትወዳደሩ መሆኑን አትርሱ።

«ታዲያ ሁሉ ተፈቅዷል?»

በመጨረሻ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ይህ ትምህርት ወጣቱን ያላላዋል። ስሜቱን ሁሉ እንዲናገር ከፈቀድንለት ነገ ያደርገዋል።»

እንዲህ አይደለም። መጥራት መፍቀድ አይደለም። ሐኪም የበሽታህን ስም ሲነግርህ በሽታውን አልመረቀውም። መዝሙረ ዳዊትን ከፍተህ አንብብ፤ ቅናት፣ ቁጣ፣ በቀል፣ ናፍቆት፣ ፍርሃት ሁሉ ስማቸው ተጠርቶ በእግዚአብሔር ፊት ቀርበዋል። በመዝሙር 62፥8 ልባችንን በፊቱ እንድናፈስስ ተነግሮናል። የሚፈስ ነገር ተመርጦ አይፈስም፤ ንጹሑም ድፍርሱም አብሮ ይወጣል። የማጥራቱ ሥራ የእርሱ ነው።

ደግሞም ይህን አስብ። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን እኛ ነን። ጌታችን ሠላሳ ዓመት ያህል በናዝሬት ኖሯል፤ የአናጢ እጅ ነበረው፤ በቃና ሠርግ ላይ ተቀምጧል፤ ወዳጁ ሲሞት አልቅሷል፤ ከአሥራ ሁለት ወጣቶች ጋር በየመንገዱ ሄዶ በልቶ አድሯል። ለእንዲህ ያለ ጌታ የማይነገር የወጣት ሃሳብ የትኛው ነው?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የማዝዝህ ትንሽ ነገር ናት። በርህን ዝጋና ተንበርክከህ አራቱን በስማቸው ጥራቸው። የልጅቷን ስም ጥራ። የክለብህን ስም ጥራ። በስልክህ ላይ ደጋግመህ የምትሰማውን የዜማ ስም ጥራ። ከሁሉ በላይ ምክሩን የምትሰማውን ጓደኛህን ስም ጥራ። እያንዳንዱን ከጠራህ በኋላ ዝም በልና ቆይ። አንዳንዱን ስትጠራ ምስጋና ይመጣልሃል፤ አመስግን። አንዳንዱን ስትጠራ ድምፅህ ይቀንሳል፤ እዚያ ላይ ቆም በልና ቀሪውን ንገረው።

ቀጥሎ አንድ ዮናታን ፈልግና ያንኑ ለእርሱ ድገመው። በሚቀጥለው የጸሎት ፕሮግራም ላይ «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?» ሲባልም «ለመንፈሳዊ ሕይወቴ» የሚለውን ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው፤ ከአራቱ አንዱን ተናገር። ምናልባት ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን አትፍራው፤ ከጎንህ የተቀመጠው ወንድም የራሱን ስም ለመጥራት ድፍረት እየሰበሰበ ሊሆን ይችላል።